የዴልሪክ ተራ

ለሠላሳ አንድ ዓመት የክሌይ ሂል ኮሌጅን የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች ማሊያ ያጠበችውን ኦዜላ ብሪግስን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው የለም። ከተማው በሙሉ ግን ስለ ልጅ ልጇ ያወራል። ፀጉር ቤቱ ያወራል፣ ነዳጅ ማደያው ያወራል፣ ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ የሚለፈልፈው ያ አፍንጫው የተደፈነ ሰውዬ እንኳ ያወራል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ጨዋታውን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ ኳርተርባኩ ካርልተን ሜይስ አንድ ነገር ቢሆን፣ ተጠባባቂው ዴልሪክ ብሪግስ ቦታውን ይሸፍናል ወይ? የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ የት አባቱ! ልጁን ከሁለት ዓመቱ ጀምራ ያሳደገችው እሷ እዚያው መሃላቸው ስትመላለስ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ፊደል ስላልቆጠረች ዓይንም ያልተሰጣት ይመስላቸዋል።

ሰኞ ዕለት በሎኒ ፀጉር ቤት በር ስታልፍ፣ ኸርሼል የሚባለው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ በአረፋ እንደ ተሸፈነ ሲፈርድ ሰማችው።

«ልጁ ጨዋ ነው፤ አይደለም አላልኩም። ጨዋነት ግን ኳስ አይወረውርም። ካርልተን ሲወረውር እኮ ኳሷ ታፏጫለች። የዴልሪክ ኳስ እንደ ደብዳቤ ናት፤ መድረሱስ ትደርሳለች፣ መቼ እንደምትደርስ ነው የማይታወቀው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኦዜላ ጭንቅላቷን በበሩ አስገባች።

«አንተ ካደረስከው ደብዳቤ ትሻላለች። የእህቴን የገና ካርድ ለፋሲካ ነው ያመጣህልኝ።»

አሁን ሳቁ የባሰ ሆነ። ኸርሼል አረፋውን በእጁ ጠርጎ፣ «እህት ኦዜላ፣ አትቆጪ እንጂ። ስለ ኳስ ነው የምናወራው» አለ።

«ስለ ኳስ አይደለም፣ ስለ ልጄ ነው። ሦስት ዓመት ባርኔጣ ደፍቶ ከዳር የቆመው ስለማይችል መሰላችሁ? አሰልጣኙ ዓይን ስለሌለው ነው። ይህንንም ለራሱ ነግሬዋለሁ።»

«አንቺማ ያልነገርሽው ማን ቀረ?» አለ ሎኒ ምላጩን እየጠረገ። «ባለፈው እሑድ ፓስተሩ ለታመሙት ሲጸልይ አንቺ ስለ አሰልጣኙ ዓይን ጸለይሽ አሉ።»

«ጸልያለሁ። አልበራለትም።»

«ደግሞ ሰሞኑን ልጁ ከዳር ሆኖ እጁን ምን ያደርገዋል?» ኸርሼል ክንዱን እንደ አሣ አወዛወዘ። «ድሮ ቁጥር ነበር በጣቱ የሚያሳየው፤ አሁን ዳንስ ጀመረ እንዴ?»

  «አንተ ፂምህን ጨርስ» ብላ ኦዜላ ሄደች።

እርግጥ ነው፣ እሷም አይታዋለች። አሰልጣኙ የሚፈልገውን ቅብብል ለዴልሪክ በጆሮው ይነግረዋል፤ ዴልሪክ በጣቱ ቁጥር ያሳያል፤ ሜዳ ውስጥ ያለው ካርልተን ክንዱ ላይ ባሰረው ማሰሪያ ውስጥ ካለችው ወረቀት ቁጥሩን ፈልጎ፣ ከጎኑ የተጻፈውን ለጓደኞቹ ያነብላቸዋል። ለሦስት ዓመት ሥራቸው ይኸው ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ዴልሪክ እጁን ያዋኛል፣ መሰላል የሚወጣ ይመስል አየር ይጨብጣል፣ ጫማውን ይነካል። አሰልጣኙ ዓይኑ ከሜዳው ስለማይነቀል ጎኑ የቆመውን ልጅ እጅ አያይም።

ጣጣው የጀመረው ከወንዝ ማዶ ከመጡት ጋር ሲጫወቱ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሆነው። አንድ በሬ የሚያህል ልጅ ካርልተንን ከጎን መጥቶ አነሣና አፈረጠው። የራስ ቁሩ መሬት ሲመታ የወጣው ድምፅ ኦዜላ እስከቆመችበት እስከ ልብስ ክፍሉ በር ድረስ ተሰማ። ካርልተን ተነሣ፣ ሣሩን አራገፈ፣ ተጫዋቾች ክብ ሠርተው ወደሚንሾካሾኩበት ሄደ። የሄደው ግን ወደ ባላጋራዎቹ ክብ ነበር። መሃላቸው ገብቶ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ እንደ ወንድማቸው አጎነበሰ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። «ሰላም ሊላቸው ነው!» አለ አንዱ። «ቤተ ክርስቲያን መሰለው!» አለ ሌላው። ካርልተንም ሳቀ፣ እጁን አውለበለበ፣ ወደ ራሱ ወገን ተመለሰ። ቀጥሎ የወረወረው ኳስ ጨዋታውን አሸነፈ። ያሸነፈን ልጅ ማን ይመረምራል? ኦዜላም ስቃ ነበር። እንዲያውም በሆዷ፣ «የኔው ቢሆን ኖሮ ጅል ይሉት ነበር» ብላ ተናዳ ነበር።

ረቡዕ ከልምምድ በኋላ የቆሸሸው ልብስ በጋሪ ተገፍቶ መጣላት። የልብስ ክፍሉ ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ነው፤ መስኮት የለውም፤ አራት ማጠቢያ ማሽኖች እንደ ታመመ ሰው ሲያቃስቱ ይውላሉ። ኦዜላ ደም በቀዝቃዛ ውኃ፣ የሣር እድፍ በኮምጣጤ ታስለቅቃለች። ማን ልምምድ እንዳመለጠ፣ ማን ተደብቆ እንደሚያጨስ፣ ማን ማሊያው ውስጥ ፊቱን ቀብሮ እንዳለቀሰ ከልብሱ ታውቃለች። የካርልተን ፎጣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትውከት ትውከት ሲል አሽታለች። ፍርሃት ነው ብላ አለፈችው፤ ከጨዋታ በፊት የሚያስታውክ ልጅ ብርቅ አይደለም።

የክንድ ማሰሪያዎቹ ከመታጠባቸው በፊት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ታወጣለች። የሌሎቹ ወረቀቶች ላይ እንደ ወትሮው ጥቃቅን ፊደል ተርመስምሷል። የካርልተንን ስታወጣ እጇ ቆመ። ፊደል የለም። አሣ አለ። መሰላል አለ። ጫማ፣ ግማሽ ጨረቃ፣ ቁልፍ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጎን ማን ወዴት እንደሚሮጥ በወፍራም መስመር ተሠርቷል።

ሥዕሎቹ የራሷ ናቸው።

እሷ ስም ማንበብ ስለማትችል በየልጁ የልብስ ከረጢት ላይ በቀለም ክር ምልክት ትሰፋለች፤ ለዋናተኛው አሣ፣ ለረጅሙ መሰላል፣ በር ለማይዘጋው ቁልፍ። አሠራራቸው ሁሉ የእሷ ነው፤ አሣው ዓይን የለውም፣ መሰላሉ ሁልጊዜ አምስት እርከን ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ዴልሪክ ብቻ ነው። ስድስት ዓመቱ ሳለ ማድረቂያው ማሽን ላይ ተቀምጦ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገባላት እሱ ነበር።

መጀመሪያ ንዴት መጣባት፤ የአያቱን አለመማር የሜዳ መጫወቻ ያደረገው መሰላት። ከዚያ ቁጭ አለች። በሥዕል የሚሄድ ሰው ማን ነው? ማንበብ ያቃተው ሰው ነው። በዚህ ኮሌጅ ውስጥ ያንን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የአውቶቡሱን ቁጥር በቀለሙ፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስ በክዳኑ ስትለይ ኖራለች። ካርልተን ግን ያነባል። እንዲያውም ዴልሪክ በሌለ ጊዜ ለእሷ ደብዳቤ የሚያነብላት እሱ ነው።

ሐሙስ ጠብቃ ያዘችው።

«ና እስቲ አንተ፣ እህቴ ከዲትሮይት ጽፋልኛለች። መነጽሬን ረስቼዋለሁ።»

ይህ በመካከላቸው ያለ የቆየ ጨዋታ ነው። መነጽር የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም፤ ሁሉም ያውቃል። ካርልተን ሳቅ አለ። «የእርስዎ መነጽር መቼም አይገኝ እማማ። እኔ ተመርቄ ስሄድ ምን ሊሆኑ ነው?»

«ዕውር እሆናለሁ። አንብብ።»

ወረቀቱን ተቀበላት። ከመብራቱ ሥር ፈቀቅ አለ። ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ በጆሮ ግንዱ ግን ላብ ወረደ። ከተጨፈነው ዓይኑ እንባ ፈሰሰ።

«ደህና ነኝ ትላለች» አለ። «ሁላችንም ደህና ነን። አንቺም ደህና ሁኚ። ሰላም በሉልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው እማማ፣ የተለመደው ነው።»

ደብዳቤውን ዴልሪክ እሑድ ዕለት አንብቦላት ነበር። እህቷ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ሆስፒታል ተኝታ ነው የጻፈችው።

ኦዜላ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ወረቀቱን ተቀበለችው። ልጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ። እንደ ማይም ዋሽቷታል፤ ያ አንገበገባት። ከዚያ በላይ ያንገበገባት ግን አዋሻሸቱን ማወቋ ነው። ራሷም ለሰባ ዓመት እንዲሁ ነው የዋሸችው። ልዩነቱ እሷ ከመጀመሪያውም አልነበራትም። ይህ ልጅ የነበረውን ነው ያጣው።

ዓርብ እራት ላይ የተጠበሰ አሣና የበቆሎ ቂጣ አቀረበችና ወረቀቱን ከዴልሪክ ሳህን ጎን አኖረችው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

ዴልሪክ ወረቀቷን አየ። ሹካውን አስቀመጠ። «ከየት አመጣሽው?»

«ከማጥበው። እኔ ነኝ ጠያቂዋ።»

«እማዬ፣ ተዪው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዴልሪክ ሳህኑን ገፋ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ትከሻው በሩን ይሞላል፤ ሲዋሽ ግን ከንፈሩን እንደ ሕፃን ይነክሳል። አሁን አልነከሰም።

«ከዚያች ከወደቀባት ቀን ጀምሮ» አለ። «ፊደሎቹ ይሄዱብኛል ነው የሚለው። እንደ ጉንዳን። መብራት ያመዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ክፍል አይገባም፣ እኔ ነኝ የምፈርምለት።»

«አንተም ሥዕል ሣልክለት።»

«ለመነኝ እማዬ። አልቅሶ ለመነኝ። ነገ ከትልልቆቹ ቡድኖች ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። አንድ ጨዋታ ብቻ ታገሠኝ አለኝ። ከነገ በኋላ ራሱ ሊናገር ቃል ገብቶልኛል።»

«ነገ ቢመታስ? እዚያችው ላይ ቢደግሙትስ?»

«አይመታም። ኳሱን ቶሎ እንዲወረውር ነው ምልክት የምሰጠው።»

«አንተ ሐኪም ነህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ድምፁ ከፍ አለ። «ሄጄ ልናገርበት? ተጠባባቂው በቋሚው ላይ ሲናገር ምን ይባላል? ቦታውን ፈልጎ ነው ይባላል። ኸርሼል ምን ይላል? ሬዲዮው ምን ይላል?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ደግሞስ እውነታቸውን ቢሆንስ? ገብቼ ባልችልስ?»

ሦስት ዓመት ለከተማው ሁሉ «ይችላል» ስትል፣ ልጁን ራሱን አንድ ቀን አልጠየቀችውም። 

«እንግዲያው እኔ እናገራለሁ» አለች።

«አንቺ?» ዴልሪክ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። «ማን ይሰማሻል? አሰልጣኙን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ ሳይቀር ‹ልጄን አሰልፍ› ስትይው ከርመሻል። ነገ ሄደሽ ‹ካርልተን ታሟል› ብትዪው ምን የሚል ይመስልሻል? የገዛ አፍሽ ነው ያረከሰሽ።»

በዚህ ቤት እንዲህ ብሎ የተናገራት ሰው በእግሩ ወጥቶ አያውቅም። ኦዜላ ግን የበቆሎ ቂጣውን ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ የቀድሞ ተማሪዎች የሚመለሱበት ቀን ነበር። ገና በጠዋቱ የመኪና ማቆሚያው የጎድን ጥብስ ጭስ ለብሷል፤ የማርሽ ባንዱ ከበሮ የልብስ ክፍሉን ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ኦዜላ ማሊያዎቹን እንደ ወትሮው በየመንጠቆው ሰቀለች። የካርልተንን ግን አልሰቀለችም። አጥፋ ወንበሯ ላይ አኖረችውና ተቀመጠችበት።

አሰልጣኝ ፕሩዊት እየሮጠ መጣ። አንገቱ ወፍራም፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ።

«ሚስ ኦዜላ፣ የካርልተን ማሊያ የለም አሉኝ።»

«አለ። እኔ ሥር ነው።»

«ምን?»

«ልጁ ታሟል። ከዚያ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ጭንቅላቱ ደህና አይደለም። ማንበብ አቅቶታል። ያስታውካል። ይኸው ወረቀቱ፣ እየው፤ በሥዕል ነው የሚጫወትልህ።»

አሰልጣኙ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለባበጠው። «ይሄማ ምልክት ነው። ባላጋራ እንዳይሰርቀን ልጆቹ ምልክት ይቀይራሉ። ብልጥ ነገር ነው።» መለሰላት። «ሚስ ኦዜላ፣ እኔ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ዛሬ? በዚህ ቀን? ምን እንደፈለጉማ አገር ያውቀዋል።»

«ምንድን ነው የፈለግሁት?»

«ዴልሪክ እንዲገባ ነዋ! ሦስት ዓመት ሙሉ የሚሉኝ ይህንኑ አይደል? አሁን ማሊያ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ነገ ደግሞ እኔ ላይ ይቀመጣሉ።»

በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ረዳቶች ፈገግ አሉ። ከኋላቸው ዴልሪክ ቆሟል፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። መቼ እንደመጣ አላየችም።

«እሱን ጠይቀው» አለች ኦዜላ። «እጁ ነው የሣለው።»

አሰልጣኙ ዞረ። «ዴልሪክ፣ ሴትዮዋ የሚሉት እውነት ነው? ካርልተን ታሟል?»

ዴልሪክ ወለሉን አየ። ቃል ገብቷል፤ ያ አንድ ነው። አዎ ቢል ቦታው የእሱ ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱ አፉን ግራና ቀኝ ይዘው ዘጉበት። ከውጭ ባንዱ ሲያጓራ፣ ሰው ሲጮህ ይሰማል። 

«አዩ?» አለ አሰልጣኙ። እጁን ዘረጋ። «ማሊያውን ይስጡኝ፣ ሚስ ኦዜላ። አንሥቼዎት እንዳልወስድ።»

«ሞክር።»

አልሞከረም። ኦዜላ አሁን ልጁን አላየችውም። ካየችው የምትለውን እንደማትለው ታውቃለች።

«ስማኝ ፕሩዊት። ዴልሪክን አታሰልፈው።»

«ምን አሉ?»

«አታሰልፈው አልኩ። ያን አዲሱን፣ ፊቱ ብጉር ብቻ የሆነውን ዊልቦርንን አስገባ። ጫማውን ማሰር የማይችለውን። ተሸነፍ። ሬዲዮው የፈለገውን ይበል። የኔ ልጅ እንደ ለመደው ባርኔጣውን ደፍቶ ከዳር ይቁም፣ ዛሬም፣ የሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ እስኪመረቅ ድረስ። ይኸው፣ እነዚህ ሁለቱ ምስክር ይሁኑ። አሁንስ ምን ፈልጋ ነው ትላለህ?»

የረዳቶቹ ፈገግታ ጠፋ።

«እማዬ» አለ ዴልሪክ። ድምፁ ተሰብሯል። «እማዬ፣ ተራው እኮ የኔ ነው። የኔን ተራ ነው የምትሰጪው።»

ሰምታዋለች።  ይቅር ሊላት ይችላል፣ ላይላትም ይችላል፤ የአንዲት ቀን ሥራ አይደለም። ዞር አላለችም።

አሰልጣኙ አንዴ እሷን፣ አንዴ ዴልሪክን እያየ ቆመ። ሰዓቱን ማየት ተወ። ወረቀቱን ከእጇ እንደገና ወሰደው፤ አሁን ቀስ ብሎ አየው፤ በጣቱ መሰላሉን ነካው።

«በዚያን ጊዜ… ወደ እነሱ ክብ ሲሄድ…» አለና አቆመ።

«ሁላችንም ስቀናል» አለች ኦዜላ። «እኔም ስቄያለሁ። አሁን ሳቁ አብቅቷል። ሐኪምህ ውጭ ጎድን እየጋጠ ነው፤ እጁን አስጠርገህ አምጣው። ካርልተንንም አምጣው። አንድ ወረቀት፣ የትኛውንም ወረቀት ስጠውና እዚሁ እፊታችን ያንብብ። እስከዚያ ከዚህ ወንበር አልነሣም። ሂድ፣ ጥራቸው!»